ለ7 ሜትር ጀልባ የቱ ሽንት ቤት ይሻላል? ተንቀሳቃሹ፣ ታንከር ያለው ወይስ ደረቁ?

አዲስ_ቀዛፊ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ እስኪ ልምዱ ያላችሁ አማክሩኝ። 7 ሜትር ርዝመት ያላት ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዝቻለሁ፣ ካቢን አላት ግን ጠባብ ናት። ከፊተኛው አልጋ ስር በእጅ የሚፓመፕ የድሮ ሽንት ቤት ተገጥሞባታል፣ ታንከር ሚባል ነገር ግን የለውም፣ ስትፓምፕ ያለው ሁሉ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው ሚገባው። እኔ ይሄን አልጠቀምም፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንሆነው ሐይቅ ላይ ነው፣ ልጄ ከጀልባዋ ዘላ ምትዋኘውም እዛው ውሃ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የሆነ ሚያጠራቅም ነገር የግድ ነው።

እኔ፣ ባለቤቴና የ6 አመት ልጃችን ነን። ብዙ ጊዜ ሁለት ሌሊት ነው ምናድረው፣ አልፎ አልፎ ሳምንት ያህል እንቆያለን፣ ወደፊት ባህርም ላይ መውጣት እንፈልጋለን።

ሳነብ ሳነብ ያገኘሁት ሶስት ምርጫ ነው፣ አንደኛው ተንቀሳቃሹ፣ ከላይ ውሃ ከታች ቆሻሻ ሚይዘው፣ ሁለተኛው ያለውን ሽንት ቤት ሳልነካ ታንከርና ቱቦ መጨመር፣ ሶስተኛው ሽንትና ሰገራን ለየብቻ ሚያደርገው ደረቁ። ሁሉም የገዛውን ነው ሚያወድሰው፣ ግራ ገባኝ። ከሁሉም በላይ ምፈራው ሽታውን ነው ምክንያቱም ሽንት ቤቱ ያለው እኛ ምንተኛበት ራስጌ ስር ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

መልህቅ_ጣይ፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ሽንት ቤቱን ከመምረጥህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ፣ የሞላውን የት ነው ምትደፋው? ጀልባህን ምታስርበት ቦታ ፍሳሽ ሚመጥ ፓምፕ ካለ ታንከር ያስኬድሃል፣ ከሌለ ግን በሳምንቱ የሞላ ታንከር ታቅፈህ ቁጭ ነው። ያለው ተራ ሽንት ቤት ብቻ ከሆነ ተሸክመህ ምትወስደው ነው ሚያዋጣህ፣ ተንቀሳቃሹ ወይ ደረቁ። ሰው ይሄን ሳያጣራ ስለ ብራንድ ሲከራከር ነው ሚውለው።

ባህር ላይ እደፋዋለሁ ብለህ አስበህ ከሆነ ህጉን ቀድመህ እይ። ማርፖል ሚባለው አለም አቀፍ ስምምነት በአራተኛው አባሪ ያልታከመ ፍሳሽ ከየብስ ከ12 ናውቲካል ማይል በላይ ርቆ፣ ተፈጭቶ ጀርሙ የተገደለ ከሆነ ደግሞ ከ3 ማይል በላይ ርቆ እንዲለቀቅ ነው ሚፈቅደው። እሱም ቢሆን የወጣው በመጠን 400 ግሮስ ቶን (የመርከብ ትልቅነት መለኪያ ነው) እና ከዛ በላይ ለሆኑ ወይ ከ15 ሰው በላይ እንዲጭኑ ለተፈቀደላቸው መርከቦች ነው፣ ያንተ አይነት ትንሽ ጀልባ ላይ ሚሰራው የየአገሩ ህግ ነው፣ እሱ ደግሞ ይለያያል። አሜሪካ ያልታከመ ፍሳሽ ከ3 ማይል ወዲህ መልቀቅ ክልክል ነው፣ አውሮፓ ህብረት ውስጥ በ2013/53 መመሪያ መሰረት ሽንት ቤት ያለው አዲስ ጀልባ ማጠራቀሚያ ወይ ማከሚያ ከሌለው ለገበያ አይቀርብም። ደግሞ 12 ናውቲካል (የባህር) ማይል ማለት 22 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሰአት 4 ማይል ብትሄድ ሶስት ሰአት ሄደህ ሶስት ሰአት መመለስ፣ ታንከር ለማራገፍ ብሎ ከህጻን ልጅ ጋር ይሄን ሚያደርግ የለም። ሐይቅ ላይ ከሆነ ጥያቄም የለው፣ ምንም አይደፋም።

ከዛ ሒሳቡን ስራ። አዋቂ ሰው በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ይሸናል፣ ሰገራው ግን 130 ግራም አካባቢ ብቻ ነው፣ ታንከር ሚሞላው እንግዲህ በሽንትና በማጠቢያ ውሃ ነው ማለት ነው። በእጅ ሚፓመፕ ሽንት ቤት ቱቦው ውስጥ ምንም እንዳይቀር በደንብ ካጠብከው በአንዴ 2 ሊትር ይፈልጋል፣ ሶስት ሰው በቀን 15 ጊዜ ቢጠቀም 30 ሊትር ወጣ፣ አልጋ ስር ሚገባልህ የ40 ወይ የ50 ሊትር ታንከር ሁለት ቀን እንኳን አያቆይህም። ተንቀሳቃሹ በአንዴ ሚፈልገው ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ነው፣ ሽንቱን ጨምረህ ለሶስታችሁ በቀን 9 ሊትር ገደማ ይመጣል፣ የ21 ሊትሩ ሁለት ሌሊት ይችላል። ደረቁ ውሃ ጭራሽ አይፈልግም፣ ሽንት በቀን 4 ሊትር ለብቻው፣ ሰገራው የሶስታችሁም ተደምሮ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እኔ ብሆን ታንከሩን እተወዋለሁ።

ቧንቧው፦

የመልህቅ ሒሳብ ልክ ነው፣ ግን ታንከር የግድ ይሸታል ሚባለውን አልቀበልም። ስራዬ ጀልባ ላይ ቧንቧና ፓምፕ መግጠም ነው፣ ሚሸት ጀልባ ስገባ ታንከሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ማገኘው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቱቦው ነው። ሽታ የቱቦውን ግድግዳ አልፎ ይወጣል፣ ርካሽ የፕላስቲክ ጎማ ከጊዜ በኋላ ዳር እስከ ዳር ይጠጣዋል፣ ከውጪ ንጹህና ደረቅ ሆኖ ይታይሃል ግን ካቢኑ ይከረፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፣ ንጹህ ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ ጨምቀህ ቱቦው ላይ ጠቅልለው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅና ጨርቁን ከካቢኑ ውጪ አውጥተህ አሽትተው፣ ጨርቁ ከሸተተ ቱቦው አልቆለታል፣ መቀየር ነው፣ ማጠብ ምንም አይፈይድለትም። አንተ የገዛሃት ጀልባ ላይ ያለው የድሮ ቱቦ ከሆነ ዛሬውኑ ፈትነው፣ የትኛውንም ብትመርጥ እሱ እዛው ካለ ሽታው አይለቅህም።

ሁለተኛው የታንከሩ መተንፈሻ ነው። ሰው ቀጭን 16 ሚሊሜትር ቱቦ ይዘረጋና መሃሉ ላይ ረግቦ ውሃ ይቋጥርበታል፣ አየር መግባት ሲያቆም ውስጥ ያሉት አየር ማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ብቻ ይቀራሉ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሚያመነጩት እነሱ ናቸው። 25 ሚሊሜትር፣ አጭር፣ ወደ ላይ ብቻ እየወጣ ሚሄድ አድርገው፣ ቦታ ካለህ በግራም በቀኝም አንድ አንድ አውጣለትና ንፋሱ በላዩ ይለፍበት። መተንፈሻው ተደፍኖ ፓምፕ ካደረግህ ደግሞ ግፊቱ መውጫ ያጣና በመጣበት ይመለሳል፣ ፍሳሽ መምጠጫ ጣቢያ ላይ ስታስመጥጥ ተደፍኖ ከሆነ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ ይሄን በአይኔ አይቻለሁ።

ሶስተኛው የባህር ውሃ። በአንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ 2.7 ግራም ገደማ ሰልፌት አለ፣ ያ ለነዛ ባክቴሪያዎች ቀለብ ነው፣ ስለዚህ በጨው አልባ ውሃ ሚታጠብ ሽንት ቤት ሽታው በጣም ይቀንሳል። ቱቦው ውስጥ ሚጋገረውም ድንጋይ ከሽንትና ከባህር ውሃ ነው ሚመጣው፣ 38 ሚሊሜትር የነበረው ቱቦ ውስጡ ጣት ማያስገባ ሆኖ ቆርጬ አውጥቻለሁ። በየጊዜው አቼቶ አፍስሶ ማሳደር ይከላከለዋል። በረኪና ግን እንዳትሞክር፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ ሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፣ ጎሚኒዎቹንም ይበላቸዋል። ታንከሩ ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት አትግዛ፣ አሉሚኒየምም ስቴንለስም ቢሆን ሽንት ብየዳው ላይ ይጀምረዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማላልፈው፣ ያ የድሮ ሽንት ቤት ከውሃው ልክ በታች ነው ሚሆነው፣ ጀልባዋን ሊያሰጥም ይችላል። ውሃ በሳይፈን ራሱን ስቦ በሳህኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ አንተ ቤትህ ተኝተህ። ከላይ አየር ማስገቢያ ያለው ቅስት ቱቦ ካልተገጠመለት፣ ያም ቅስት ጀልባዋ አጋድላም ቢሆን ከውሃው በላይ ሚቆይ ካልሆነ፣ ውሃ ሚገባበትንና ፍሳሽ ሚወጣበትን ሁለቱንም ቫልቮች ሳትዘጋ ከጀልባዋ አትውረድ። ፋሸታዎቹንም (ቱቦውን ሚያጠብቁትን ቀለበቶች) እይ፣ ስቴንለስ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት።

የኔ ምክር፣ ባህሩ ዳር ሐይቁም ላይ መምጠጫ ጣቢያ ካላችሁ ታንከር፣ ያውም ሽንት ቤቱ አጠገብ በአጭር ቱቦ። ከሌለ በነዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ውስጥ አትግባ።

ሰማያዊ_ሸራ፦

ሰላም፣ እኔ ለአመታት ደረቁን ነው ምጠቀመው፣ ከምትፈራው ሽታ አንጻር ከሶስቱ የሚበልጥ ያለ አይመስለኝም። ሰው ማያውቀው ነገር ሽንትም ሰገራም ለየብቻቸው ያን ያህል አይሸቱም፣ ሲቀላቀሉ ነው ጉዱ ሚመጣው፣ ሰገራ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ እየሰበሩ ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል። መቀመጫው ከፊት በኩል ሽንቱን ወደ ጀሪካን ይመራዋል፣ ሰገራው ከኋላ ወዳለው ባልዲ ይወድቃል፣ እዛ ላይ የኮኮናት ቃጫ ወይ ሰጋቱራ ትጨምርበታለህ። ቃጫው በእጅህ ስትጨብጠው ቅርጹን ሚይዝ ግን ውሃ ማያንጠባጥብ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ ይሸታል፣ በጣም ከደረቀ ደግሞ አይዝም። ትንሽዬ የ12 ቮልት ፋን አየሩን በቱቦ ወደ ውጪ ታወጣዋለች፣ ሚወስደው 0.1 አምፔር ገደማ ነው፣ ቀን ከሌት ብትሰራ ባትሪህ ላይ 2.4 አምፔር ሰአት ብቻ ነው። ፋኗ እየሰራች ራስጌህ ስር ቢሆንም አይታወቅህም፣ ታንከሩን ከመምረጥህ በፊት ደረቁ ያለበት ጀልባ ላይ ሄደህ አንድ ሌሊት እንኳን አብሮት የተኛ ሰው ብትጠይቅ ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ማይመቸውን ልንገርህ። ሽንቱን በየቀኑ ልትደፋ ነው፣ ማለፍ የለም፣ ጀሪካኑ ልኩ ከውጪ ሚታይ ካልሆነ አንድ ቀን ሞልቶ ይፈስና ያኔ ነው ጀልባ ሚሸተው። ትንሽ አቼቶ አስቀድሞ ጠብ ማድረግ አሞኒያውን ያዘገየዋል። ወንዶች መቀመጥ ግዴታቸው ነው፣ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ማስረዳት አለብህ፣ ሚያፍር ካለ ባለቤትህ ወይ አንተ ቀድማችሁ ንገሩ። ልጅ ካለች የህጻን መቀመጫ ያለው ግዛ፣ ትናንሽ ልጆች ወደ ፊት ስለሚቀመጡ ሁሉም ነገር በሽንቱ በኩል ይሄዳል። ሶፍቱን እኛ ለብቻ በከረጢት ነው ምናጠራቅመው፣ ባልዲው ቶሎ አይሞላም። ሆዱ የታመመ ሰው ካለ ቃጫ በብዛት መጨመር ነው።

ሌላ ደግሞ ሻጮች ኮምፖስት ይሉታል፣ ጀልባ ላይ ባሉት ሳምንታት ሚሆነው መድረቅ ብቻ ነው። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ከወራት እስከ አመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ስለዚህ አውጥቶ አትክልት ስር መበተን በፍጹም አይሆንም፣ ቦታው በሚፈቅደው መንገድ በድርብ ከረጢት ታስሮ ነው ሚወገደው። ሽንቱም ቢሆን ሐይቅ ውስጥ አይደፋም፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ አልጌ ነው ሚያበቅለው። ጀሪካኑን ይዞ ወደ ሽንት ቤት መሄድ ደግሞ ቀላል ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

አዲስ_ቀዛፊ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ በጣም ጠቀማችሁኝ። አሁን ሄጄ አጣራሁ፣ ጀልባዋ ምትታሰርበት ቦታ መምጠጫ ፓምፕ የለም፣ ያለው ተራ ሽንት ቤት ነው፣ እሱም ትንሽ በእግር ያስኬዳል። ስለዚህ ታንከሩ ወጣ ማለት ነው። ሰማያዊ፣ እህቴ ያልሽው ደረቁ በጣም ማርኮኝ ነበር ግን ቦታውን ስለካው ከአልጋው ስር ያለው ከፍታ 34 ሳንቲ ብቻ ነው፣ ያየኋቸው ደረቆቹ ሁሉ 45 እና 50 ሳንቲ ናቸው፣ አልጋውን መስበር ካልሆነ አይገባም። ተንቀሳቃሹስ በዚህ ከፍታ ይገኛል? ጀልባ ስታጋድልስ አይፈስም?

ጋሽ_ወደብ፦

ልጄ ተንቀሳቃሹ ላንተ ይሆናል፣ ሰው ስለሚንቀው ነው እንጂ ለትንሽ ጀልባ እንደሱ ያለ የለም። ጀልባዋን አትበሳም፣ ቱቦ የለው፣ ቫልቭ የለው፣ ሚሰጥምህ ነገር የለም፣ ክረምት ሲመጣ ይዘኸው ወደ ቤት ትሄዳለህ። ዝቅ ያለው ሞዴል ከፍታው 31 ሳንቲ ገደማ ነው፣ የታችኛው ታንከር 10 ሊትር ይይዛል፣ 21 ሊትር ሚይዘው 41 ሳንቲ ስለሚሆን አይገባልህም። እኔ ቦታ ቢኖርህም ትንሹን ነበር ምመርጥልህ። 21 ሊትሩ ሲሞላ ከነዕቃው 25 ኪሎ ይሆናል፣ እሱን ይዞ በጠባብ የካቢን በር ወጥቶ፣ ከምትወዛወዝ ጀልባ ወደ ወደቡ መሻገር፣ ከዛ በእግር መሄድ፣ ጎበዝ ነኝ ሚልም ቢሆን ወገቡን ይይዘዋል። 10 ሊትሩን ግን በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ገመዱን ትጨብጣለህ።

አነሰ እንዳትል፣ መልህቅ ከላይ የጻፈውን ሒሳብ እንደገና ተመልከተው፣ ሚሞላው ሽንት ነው። ሽንቱን ለብቻ በጀሪካን ካደረጋችሁ ለሰገራ ብቻ በቀን ሶስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ከነሰገራው 2 ሊትር ቢሆን ነው፣ 10 ሊትሩ አምስት ቀን ሊሄድ ይችላል። ሰማያዊ የነገረችህን ጥቅም ግማሹን ያለ ደረቁም አገኘኸው ማለት ነው፣ ሽታውም ይቀንሳል። ለአንዳንዶቹ ሞዴሎች የታችኛው ክፍል ለብቻው ይሸጣል፣ አንድ ትርፍ ይዘህ ሳምንቱንም ትጨርሳለህ።

ስለ መፍሰሱ፣ በመሃል ያለው ተንሸራታች መዝጊያ ጥብቅ ነው፣ ጀልባ አጋደለች ብሎ አይፈስም፣ ግን ዕቃው ራሱ እንዳይገለበጥ ከወለሉ ጋር በማሰሪያ እሰረው፣ ከፋብሪካው ወለል ላይ ሚበሎን መያዣም አለው። መዝጊያው ላይ ያለውን ጎሚኒ በሲሊኮን ቅባት ቀባው፣ ቫዝሊን አትንካ፣ ጎማውን ያሳብጠዋል። ደግሞ ይሄን ያዝ፣ ጀልባዋ ጸሃይ ላይ ስትውል ታች ያለው ጋዝ ይጠራቀምና ግፊት ይፈጥራል፣ መዝጊያውን ክዳኑን ከፍተህ በአንዴ ብትስበው ፊትህ ላይ ይረጫል። ክዳኑን ዘግተህ መዝጊያውን ትንሽ ብቻ ሳብ አድርግ፣ እፍፍ ብሎ ሲያልቅ ከዛ ክፈተው፣ ልጅቷንም እንደዛ አስተምራት። ስትደፋም ማፍሰሻው አጠገብ ያለችውን የአየር ቁልፍ በአውራ ጣትህ ተጭነህ ነው፣ ያኔ ሳያንቦጫርቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጓንት አድርግ። የታችኛው ታንከር ውስጥ ምትጨምረው መድሃኒት ፎርማልዲሃይድ የሌለበት ይሁን፣ ፎርማልዲሃይድ ምትደፋበት ሽንት ቤት ሴፕቲክ ታንክ ካለው እዛ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

ሰማያዊ_ሸራ፦

ጋሼ ያሉት በጣም ልክ ነው፣ በ34 ሳንቲ ደረቅ ይገባል ብዬ አላታልልህም። ለጀሪካኑ ግን ባለቤትህንና ልጅህንም አስብ፣ አፈ ጠባብ ጀሪካን ለሴት አይሆንም። ለሴት ተብሎ የተሰራ አፉ ሰፊና የታጠፈ የሽንት ዕቃ አለ፣ ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ሚዘጋ፣ ሌሊት አልጋው አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል። ይሄ ካልተሟላ እነሱ ወደ ተንቀሳቃሹ ይመለሱና ያ አምስት ቀን ወደ ሁለት ይወርዳል። ማታ ማታ ደግሞ እንደዛ ጠባብ ቦታ ላይ መጋረጃ ብትሰቅልላቸው በደስታ ይጠቀሙታል፣ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ።

አዲስ_ቀዛፊ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተወስኗል፣ ዝቅ ያለው 10 ሊትሩና አንድ ትርፍ ታንከር። ሰማያዊ መጋረጃውን አላሰብኩትም ነበር፣ ዛሬውኑ ይሰራል። ቧንቧው፣ የመጨረሻ አንድ ጥያቄ፣ የድሮውን ሽንት ቤት ሳወጣ ሁለቱን ቀዳዳዎች ምን ላድርጋቸው? ጨርቁን ሞክሬው ነበር፣ ልክ እንዳልከው ሸተተ።

ቧንቧው፦

በመጀመሪያ ጀልባዋ ውሃ ላይ እያለች ቫልቮቹን ራሳቸውን እንዳትነካ፣ መፍታት ምትችለው ከቫልቭ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሁለቱንም ዝጋ፣ ፋሸታውን ፍታና ቱቦውን ትንሽ ብቻ አላቀው፣ ውሃ መንጠባጠቡን ካላቆመ መልሰህ አጥብቀውና ጀልባዋ እስክትወጣ ጠብቅ። ካቆመ ቱቦውን በሙሉ አውጣና ቫልቩ ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው የነሃስ ቆብ ግጠምበት፣ ቫልቭ ብቻውን አይታመንም። ቱቦዎቹን ስታወጣ ውስጡ የቀረ ፍሳሽ አለ፣ ሁለቱንም ጫፍ በፕላስቲክ ከረጢት አስረህ ነው ምታወጣው፣ ካልሆነ አልጋው ስር ያለው እንጨት ይጠጣዋል።

ጀልባዋ የብስ ላይ ስትወጣ ግን በደንብ ድፈናቸው። ፋይበርግላስ ከሆነች ቫልቩን አውጥተህ የቀዳዳውን ዙሪያ ከውጪ በኩል እያሳሳህ ሞርድ፣ መጠኑ 12 ለ1 ነው፣ የጀልባዋ ግድግዳ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ከሆነ ከቀዳዳው ጠርዝ ጀምረህ 10 ሳንቲ ገደማ ድረስ ማለት ነው። ሰው በጣም ሰፋ ብሎ ይታየውና ያሳጥረዋል፣ አታሳጥረው፣ ሚይዘው ያ ስፋት ነው። ከውስጥ ደግፈህ የፋይበርግላስ ጨርቅ በኤፖክሲ (ሲደርቅ ሚጠነክር ሙጫ) ከትንሹ ወደ ትልቁ እየደራረብክ ሙላ፣ ቦሎን ወይ ቡሽ ሰክቶ በማስቲሽ ማለፍ የለም። ወደ ውሃ ስትመልሳት ከውስጥ በኩል ቦታውን ጥርግ አድርገህ ደረቅ ሶፍት ዙሪያውን አስቀምጥበት፣ በበነጋታው ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ጨርሰሃል።